ሳይተረጎም የቀረው ጥያቄ

«ጉልበትሽን ሳታጥፊ ቀኝ እግርሽን ወደ ላይ አንሺ ትልሻለች» አለ ሕዝቅኤል ከአንሶላው ወዲያ ሆኖ።

አፀደ እግሯን ለማንሳት ሞከረች። ከአልጋው አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ ሕመሙ ከወገቧ ተነስቶ በመቀመጫዋ በኩል እስከ ባቷ ድረስ እየለበለባት ወረደ። ከንፈሯን ነከሰች። እንዲያም ሆኖ ሕመሙን አልፈራችውም፤ ሕመም ታውቃለች። የፈራችው ከቀሚሷ ሥር የሚንኮሻኮሸውን ነገር ነው። ዛሬ ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፋ፣ ከምታስታምማቸው አሮጊት ከቴታ የዳይፐር እሽግ አንዱን መዝዛ ታጥቃ መጥታለች። ይቺ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴትዮ ቀሚሷን አንድ ጋት ከፍ ብታደርገው ጉዷ ሊፈላ ነው።

አዳራሹ ቤይሩት፣ ዳውራ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ያለ ኪራይ ቤት ነው። የእሑድ ጸሎት አልቆ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ተደራርበዋል፤ በአንዱ ጥግ ሰማያዊ አንሶላ በገመድ ተንጠልጥሎ ተጣጣፊ አልጋ ተዘርግቷል። ጂዜል የምትባለው ሊባኖሳዊት በወር አንድ እሑድ እየመጣች ወገባቸውንና ትከሻቸውን ያመማቸውን ሠራተኞች በነጻ ታክማለች። «ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ብትል ማን ሰምቷት። ልጆቹ ሁሉ «ዶክቶራ» ነው የሚሏት።

አስተርጓሚው ሕዝቅኤል ጸሎቱን የሚመራው ሰው ነው። በሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ ቤይሩት ከገባ አሥራ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ ዐረብኛው እንደ ውኃ ነው። የሴት ገላ ላለማየት ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ግን ዛሬ ጣጣ ሊያመጣ ነው።

አፀደ ኦርቶዶክስ ናት። በደህናው ቀን «ጴንጤ ሊያደርጉኝ ነው» ብላ ደረጃውንም አትረግጠውም ነበር። ጎትታ ያመጣቻት ጓደኛዋ ተዋበች ናት። ተዋበች በአውራ ጣቶቿ የምትተማመን፣ የሀገር ልጅ ሁሉ ወጌሻዬ የሚላት ሴት ናት። ባለፈው እሑድ «ጅማትሽ ነው የዞረው» ብላ፣ የወይራ ዘይት አፍስሳ፣ አፀደ እስክትጮህ ድረስ ወገቧን አሸቻት። ሕመሙ ብሶ ወደ ሁለተኛው እግሯ ሲዞር ግን ራሷ ተዋበች ደነገጠች። ዛሬ እዚህ አስረክባት ጀማይዜ ወዳለው የምግብ ቤት ሥራዋ ሮጠች።

ጂዜል እጇን በአፀደ ጉልበት ላይ አድርጋ ጠየቀች። ሕዝቅኤል ተቀበለ።

«እንዴት ነው የጀመረሽ ትላለች።»

«ቴታን ከገንዳ ሳወጣ» አለች አፀደ። ቴታ የማዳሟ አማት ናቸው፤ መቆም ካቃታቸው ሁለት ዓመታቸው ነው። «እግሬ አዳለጠኝ። እሳቸው እንዳይወድቁ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ያኔ ወገቤ ላይ አንድ ነገር ቋ አለ። አሥራ ሁለት ቀኔ።»

«ብቻሽን ነው የምታነሻቸው?»

«ታዲያ ከማን ጋር?»

ጂዜል አንገቷን ነቀነቀች። እስካሁን በሰማችው የተገረመች አትመስልም፤ ወር በመጣ ቁጥር የምትሰማው ታሪክ ነው። የአፀደን ግራ እግር አነሳች፤ እሱም ለበለባት። ጂዜል ቆም አለች። በትንሽ መዶሻ የቁርጭምጭሚቷን ጅማት ከኋላ መታ መታ አደረገች፣ እግሯ ንቅንቅ አላለም። ሌላኛውን መታች፣ እሱም ያው። አውራ ጣቷን ወደ ታች ተጭና «እምቢ በይኝ፣ ወደ ላይ ግፊ» ስትላት አፀደ የገፋች መሰላት፤ ጣቷ ግን እሺ ብሎ ተኛ።

«አንድ እግር ቢሆን ኖሮ የለመድኩት ነገር ነው» አለች ጂዜል ለራሷም ለሕዝቅኤልም በሚመስል ድምፅ። «ጡንቻ ተስቦ ነው፣ ወይም ዲስክ አንዱን ነርቭ ነክቶ ነው እል ነበር። ሁለቱም እግር ሲሆን ግን አልወደውም።»

ከዚያ ወደ አፀደ ጎንበስ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ረዘም ያለ ጥያቄ ጠየቀች።

አፀደ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰበሰበችው ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው። ይህን ጥያቄ ግን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። «ሐማም»፣ ሽንት ቤት፣ የሚለውን ሰማች፣ «አይሰማሽም ወይ» የሚለውንም ሰማች። እሷ ራሷ በቀን ሦስት ጊዜ ቴታን የምትጠይቃቸው ጥያቄ ነው። የዚያ ቤት ሥራዋ ግማሹ ይኸው ነው።

ሕዝቅኤል ጉሮሮውን ጠረገ። ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ።

«እ… ሌላ፣ ያኒ፣ ማለቴ ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ ወይ ትላለች።»

አፀደ ዓይኗን ሰማያዊው አንሶላ ላይ ተከለች።

ከዓርብ ጀምሮ ነው። ተቀምጣ መጨረስ አለመጨረሷን አታውቅም። ስትታጠብ የነካችው ገላ የሌላ ሰው ገላ ሆነባት። ትናንት ደግሞ ዕቃ እያጠበች ሳለ፣ ሳይነግራት፣ ሳያስፈቅዳት በጭኖቿ መሃል ወረደ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ከማጠቢያው ሥር ተንበርክካ ወለሉን ስትወለውል የቴታ አልጋ ድቅን አለባት፤ ቴታስ እንዲህ ብለው አይደል የጀመሩት?

ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፣ እሱ ነው ችግሩ። ክፉ ብትሆንማ ሰው አስቀድሞ ይዘጋጃል። ከአፀደ በፊት ስለነበረችው ልጅ ስታወራ ፊቷ ላይ እውነተኛ ሐዘን አለ። «መስኪና፣ ታመመች። በሳምንቱ ወደ ሀገሯ ቲኬት ቆረጥንላት።» ይህን ስትል ቡናዋን እየጠጣች ነው። ወልድያ ላይ ደግሞ የአፀደ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ከአያቷ ጋር ሆና እናቷን የምታውቃት በስልክ ነው። ቲኬት ማለት ለዚህች ልጅ ትምህርት ቤት መቆም ማለት ነው።

ደግሞስ ይህን ነገር በእግዚአብሔር ሰው ፊት እንዴት ብላ ታወራዋለች? እሱ አፍሮ ያለፈውን እሷ ምን ብላ ትመልሰው?

«ሌላ የለም» አለች።

«ላእ» አለ ሕዝቅኤል ወደ አንሶላው፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው።

ጂዜል ወዲያው አልጻፈችም። የአፀደን ዓይን አየች፣ አፀደ ዓይኗን ሸሸች። ጂዜል ወደ እግሮቿ ተመለሰች፣ መዶሻውን አንስታ አንድ ጊዜ ደገመች። ያየችውና የተነገራት እንዳልተገናኘላት ከቅንድቧ ያስታውቃል። በመጨረሻ ተንፍሳ አንድ ወረቀት ጻፈች።

«አሮጊቷን ከእንግዲህ እንዳታነሺ። በዚህ ወረቀት ነገ ሐኪም ይይሽ ትላለች» አለ ሕዝቅኤል።

«ነገ ማዳም አታስወጣኝም። ሳምንት እሑድ ብመጣስ?»

ጂዜል መልሱን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አሁን ቀስ እያለች፣ ቃል በቃል ተናገረች። ሕዝቅኤልም ቀስ እያለ ተከተላት።

«እሑድ አይሆንም። ነገ ራሱ የምልሽ ያ የጠየቅሁሽ ነገር የለም ስላልሽ ነው ትላለች። እሱ ካለ…» ሕዝቅኤል ተንተባተበ። «ያ ነገር ካለ ነገ ብዬ አላሳድርሽም፣ አሁን በመኪናዬ ሆስፒታል እወስድሽ ነበር ትላለች። ከወገብ በታች ያለውን ሁሉ የሚያዙት ነርቮች ተጨፍልቀው ከሆነ በሰዓታት ነው የሚቆጠረው። ከዘገየ ቀዶ ሕክምናውም ላይመልሰው ይችላል። ሰው በዚያው… በዚያው ሊቀር ይችላል።»

ሕዝቅኤል የዋጠው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ገና አሁን ገባው። ቢሆንም ጥያቄውን መልሶ አልጠየቃትም።

አፀደ ተነሳች። ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ ወረቀቱን አጥፋ ከተተች። «ሜርሲ ዶክቶራ» ብላ ወደ አንሶላው ጫፍ ሦስት እርምጃ ተራመደች።

«ሐቢብቲ» አለች ጂዜል ከኋላዋ፣ በቀስታ። «ጫማሽ።»

አፀደ ዞረች። ያጠለቀች የመሰላት የግራ እግሯ ነጠላ ጫማ አልጋው ሥር ቀርቷል። ወደ ታች ስታይ ባዶ እግሯ በቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ቆሟል። ጥር ነው፤ ሴራሚኩ በረዶ መሆን ነበረበት። ምንም አልተሰማትም።

ክው አለች። አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ያለ መሰላት፤ ታች ጎማ ቤቱ ውስጥ የሚጮኸው መፍቻ እንኳ ራቀባት። ከእግሯ ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ እየተወሰደች ነው፣ እሷ ደግሞ ደጅ ከፍታ እያሳለፈች ነው። እናቷ ቁስሉን ለሚደብቅ ልጅ ሁሉ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትል ነበር። እናቷ ቤይሩትን አታውቅም፣ ማዳምንም አታውቅም። ይህን ግን ታውቃለች።

«ወንድም ሕዝቅኤል» አለች።

«አቤት እኅቴ።»

«እባክህ ውጣልኝ።»

«ኧ? ታዲያ ማን ይተረጉምልሻል?»

«ውጣልኝ ብቻ።»

ወንበሩ ተንቋቋ፣ እርምጃው ወደ ደረጃው ራቀ፣ በሩ ተዘጋ። አፀደ በሕይወቷ የጸሎት ሰው ውጣ ብላ አታውቅም። የጂዜልን እጅ ያዘች።

«ዶክቶራ፣ ሐማም…» አለች። ከዚያ ወዲያ ቃል አጠራት። የምታውቃትን ያህል ወረወረች፤ «ማ ብሒስ። ማ ብሒስ ሺ።» ምንም አይሰማኝም ማለቷ ነው። አሁንም እንዳልበቃ ሲሰማት ቀሚሷን በገዛ እጇ ገለጠችና የቴታን ዳይፐር አሳየች። ዕንባዋ ያኔ መጣ።

ጂዜል አልጮኸችም፣ አልተጸየፈችም፣ «ለምን ዋሸሽ»ም አላለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። አፀደ «ጁምዓ» አለች። ጂዜል በጣቷ ቀኖቹን ቆጠረች፣ ቀሚሷን መልሳ አወረደችላት፣ ከጋዋኗ ኪስ የመኪና ቁልፍ አወጣች።

«ያላ» አለች።

ሕዝቅኤል ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ሁለቱን ሲያይ ሳይነገረው ሁሉን ተረዳ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጠይቃኝ ነበር። አፍሬ ለወጥኩት። ይቅር በይኝ እኅቴ፣ ልገድልሽ ነበር።»

«ሰምቼሃለሁ» አለች አፀደ ክንዱን እየተደገፈች። «የጠየቀችው ገብቶኝ ነበር። ላእ ስትልም ዝም አልኩ። አንተ ብቻ አይደለህም።»

ከዚህ በላይ ለመወቃቀስ ጊዜ አልነበራቸውም። መኪናው ውስጥ ጂዜል አፀደን የኋላው ወንበር ላይ በጎኗ አጋደመቻት። ሕዝቅኤል ከፊት ገባ። ጎዳናው በእሑድ መኪና ተጨናንቋል፤ ጂዜል ጥሩንባውን እየነፋች በአንድ እጇ ለሆስፒታል ትደውላለች። የአፀደ ቦርሳ ነዘረ። «ማዳም» ይላል ስልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ስልክ ሁለቴ ሳይጠራ ታነሳው ነበር። ጠርቶ ጠርቶ እስኪያቆም አየችው፤ መልሳ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

ፍርሃቷ አልለቀቃትም። ይልቁንስ አሁን ስም ስላገኘ ባሰበት፤ ቀዶ ሕክምና፣ ቲኬት፣ አልጋ። ዘግይታም ይሆናል። ይህን ማንም አልነገራትም፣ ጂዜልም አልዋሸቻትም።

«እዚያ ስንደርስ ያንኑ ይጠይቋታል» አለች ጂዜል ለሕዝቅኤል ቀይ መብራት ላይ ቆማ። «ወንዶች ሐኪሞች ናቸው። ደጋግመው ነው የሚጠይቋት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል፣ ይሰማሻል አይሰማሽም። የሚተረጉምላት ሴት ፈልግ።»

ሕዝቅኤል ይህን ምንም ሳያስቀር ተረጎመ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ተዋበችን ልጥራት? ከሥራዋ አስፈቅዳ ትመጣለች።»

ተዋበች ከጀማይዜ እስክትመጣ ስንት ሰዓት ይሆናል? ሰዓት ነው ያለቀባት።

«ሽንት በዐረብኛ ምንድን ነው የሚባለው?» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሽንት። ሐማም ሳይሆን ትክክለኛውን ስሙን። ራሴ ነኝ የምነግራቸው።»

ሕዝቅኤል በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ጆሮው ቀላ። ቃሉን ከአፉ ለቀቀው፣ ግን ከትንፋሽ አላለፈም።

«አልሰማሁህም፣ ወንድሜ» አለች አፀደ ከኋላ ተጋድማ። «ጮክ ብለህ በልልኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሕዝቅኤል ዓይኑን ጨፈነና ጮክ ብሎ ተናገረው። አፀደ ተቀበለችው፤ ዳር ዳሩን እያረመላት፣ ሆስፒታሉ በር እስኪደርሱ ድረስ ደግማ ደጋግማ አለችው።