ግራ እጅ

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ነካ አድርጋ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ያሙለጨልጫል፤ የርካሽ ፕላስቲክ ሽታ አለው። ያመጣው አጎቷ፣ የአባቷ ወንድም ነው። ዕድሜውን በጦር ሰፈር ዕቃ ግምጃ ቤት ብርድ ልብስ ሲያድል ስለኖረ ሰፈሩ ሁሉ «ኮሎኔል» ይለዋል፤ እሱም ቀልዱ እንዳልገባው ሰው ይኮፈሳል።

«ጠርዙን ብቻ ቀምቅሚልኝ። ነገ ሰልፍ አለን።»

የድሮው መንግሥት ባንዲራ ነው፤ ጥቁር መደብ፣ መሐሉ ላይ የተዘረጋ ነጭ ቀኝ እጅ። ያኔ «የመሐላው እጅ» ይባል ነበር። መንግሥቱ ወድቆ ባንዲራው ከተሻረ ወዲህ ሰዉ «ጥፊው» ይለዋል።

«ጋሼ፣ ይኼን እኔ ቤት ታመጣለህ? እማዬ እኮ ጓዳ ናት።»

«ታዲያስ? ታሪክ ነው። ጨርቅ ምን አደረገ?»

እናቷ የባንዲራ ፋብሪካ ሰፊ ነበረች። እጁ ከየትም ቢታይ ቀኝ እንዲሆን፣ ለፊትና ለጀርባ ለየብቻ ተቆርጦ ይሰፋል። አንድ ቀን ደክሟት የጀርባውን ገልብጣ ሰፋችው፤ ግራ ሆነ። «በመሐላው አላገጥሽ» ብለው ወሰዷት። ስትመለስ ጣቶቿ መርፌ ቀርቶ ማንኪያም አይጨብጡም ነበር። ኮሎኔል ሊጠይቃት መጥቶ ያለው፣ «ትንሽ ብትጠነቀቂ ምን ነበረበት?» ነው።

«አልሰፋውም። እሷ ሳታየው ጠቅልለህ ውሰደው።»

እሱ ግን ውበቱን ሊያሳያት ዘርግቶ ከፍ አደረገው። ያን ጊዜ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። እናቷ ከባንዲራው ጀርባ ቆማለች። እጁ በማሽን የታተመ እንጂ የተሰፋ ስላልሆነ ቀለሙ ጨርቁን አልፎ ወጥቷል፤ ከእሷ በኩል እጁ ግራ ነው።

ቀረብ ብላ በቆለመሙ ጣቶቿ ዳሰሰችው።

«ግራ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ኮሎኔል፣ ይኼን የሠራውን ሰው ወሰዱት?»

«ማንን? ኧረ እትዬ፣ የማሽን ነው። ሁሉም እንዲሁ ነው። ጀርባውን ማን ያየዋል ብለሽ ነው?»

«ማንም አያየውም?»

«ማንም።»

እናቷ እጇን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ልብስ ሰፊዋ ባንዲራውን የሞተ አይጥ በጭራው እንደሚያዝ በሁለት ጣት ከእጁ ወስዳ ደጅ ጣለችው።

«ውጣ» አለችው። ጋሼ አላለችውም።

እያጉረመረመ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳው፣ አቧራውን ያራገፈው ከፊቱ በኩል ብቻ ነበር።