የቡሬ እንጀራ ልጅ

ዱርሲቱ ባሏ የሚሠራበትን የአራዊት ማቆያ ወድዳው አታውቅም። ቡራዩ ውስጥ ሰው አንድ ላም የሚያስርበት አጥቶ፣ ከገፈርሳ ውሃ በላይ ያን የሚያህል መሬት ለጅብና ለሰጎን መታጠሩ ያናድዳታል። "ጅብ ለማየት ደግሞ ይከፈላል? እኛ ጓሮ በነፃ ይመጣ የለም እንዴ!" ትላለች። ያም ሆኖ፣ ባይሳ እዚያ እንስሳት ተንከባካቢ ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ ቤታቸው ቀና ማለቱን አትክድም።

በዚያ ሳምንት ማቆያው ሽር ጉድ ላይ ነበር። ከደቡብ ስድስት የሜዳ አህዮች፣ ከባሌ ደግሞ እናቱ የሞተችበት አንድ የደጋ አጋዘን ግልገል መጥተዋል። ሐሙስ ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ሰዎች ይመጣሉ። አዲሶቹ እንስሳት በደህና መያዛቸውን ካዩ ለአጥሩና ለሕክምና ክፍሉ ገንዘብ ይለቃሉ። ካልጣማቸው ግን ባይሳን ጨምሮ ግማሹ ሠራተኛ ይሰናበታል እየተባለ ይወራል።

ግልገሉ ግን ጡጦ አልይዝም አለ።

ማክሰኞ ባይሳ ከሥራ ገብቶ ምግቡን ሳይነካ ተቀመጠ። "ሦስት ቀኑ ነው። የላሙን ሞከርን፣ የፍየሉን ሞከርን፣ የዱቄቱን ሞከርን፤ አፉን ግጥም! ዶክተር አትክልት ናት በመርፌ ያቆየችው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

ባይሳ መሬት መሬት አየ። "ቡሬን..." አለና ቀረ።

ዱርሲቱ ወዲያው ገባት፤ ደሟም ፈላ። ቡሬ ላሟ ናት። ጥጃዋ እሑድ ዕለት ለቤት መሠረት ተቆፍሮ ክፍቱን በተተወ ጉድጓድ ገብቶ ሞቷል። የአገር ላም ደግሞ ጥጃዋን ካላየች ወተቷን አትለቅም። ስለዚህ ዱርሲቱ እናቷ ታደርግ እንደነበረው የጥጃውን ቆዳ አስገፍፋ፣ ገለባ ሞልታ፣ ቡሬ ፊት አቁማው ነው የምታልበው። ቡሬ ያንን ስትልስ ወተቱ ይወርዳል። ከዚያ ወተት ሽያጭ ነው የልጃቸው የትጊ የኮሌጅ ክፍያ የሚወጣው።

"ቆዳውን ለአውሬ አልብሼ የልጄን ትምህርት ላጥባው?"

"መጥተሽ እዪው ብቻ" አለ ባይሳ። "ከዚያ እምቢ በዪ።"

ረቡዕ ሄደች። የሄደችው ፊት ለፊት እምቢ ልትል ነበር። ግልገሉ ገለባ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተኝቷል፤ ከሰውነቱ ጆሮው ይበልጣል። ዱርሲቱ ዝቅ ብላ ጣቷን አፉ ውስጥ ከተተች። ቀዝቃዛ ነበር። አራት ወልዳ አንዱን የቀበረች ሴት ናትና የሕፃን አፍ ሲቀዘቅዝ ምን ማለት እንደሆነ አላጣችውም።

"ዶክተሬ፣ ነይ ላሜን መርምሪያት" አለች፤ ባይሳን ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

ዶክተር አትክልት የዚያኑ ዕለት የቡሬን ደም ወስዳ መርምራ ጤነኛ መሆኗን አረጋገጠች። ቆዳውንም ይዛ ሄደች። ሐሙስ ጠዋት ባይሳና ዱርሲቱ በታክሲዎቹ ጥሩምባ መሀል ቡሬን እየነዱ በአምቦ መንገድ ወጡ። የማቆያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ተሾመ ከረባቱን አስሮ በር ላይ እንግዳ ይጠብቅ ነበር። ላሟን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"አዴ ዱርሲቱ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሰዎቹ የዱር እንስሳ ሊያዩ ነው የሚመጡት!"

"ይዩዋ! ግልገሉም እንዲቆይላቸው እኮ ነው" አለችና አልፋው ገባች።

ግልገሉን አቆሙት። ቆዳውን ጀርባው ላይ አሰሩለት፤ ዱርሲቱ ቡሬ እንድትልሰው ከላይ ጨው ነሰነሰች። "ኮቱ ቡሬ፣ ኮቱ" እያለች ላሟን አስጠጋች። ቡሬ አሸተተች፣ በአፍንጫዋ በኃይል ተነፈሰች፣ ከዚያም የኋላ እግሯን ወርውራ አንዴ ስትመታው ግልገሉ ገለባው ላይ ተዘረረ።

ይሄኔ ነው እንግዶቹ አንድ ሰዓት ቀድመው የደረሱት። ከፊት ወይዘሮ ተረፈች የሚባሉ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ነበሩ። አቶ ተሾመ ላሟን በጀርባው ሊከልል ሞከረ፤ ላም ግን በሰው ጀርባ አትከለልም።

ዱርሲቱ እንግዶቹን ልብም አላለች። ቆዳውን አንስታ አሸተተችው። "ይሄ ምንድን ነው? ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል!"

የዶክተር አትክልት ፊት ቀላ። "በሽታ እንዳያመጣ ብዬ... በመድኃኒት አጠብኩት።"

"አጠብሽው? ወይኔ ዶክተሬ! እናት ልጇን የምታውቀው በምን ይመስልሻል?"

ግልገሉ ለመነሳት ሞክሮ አቃተው። ዱርሲቱ ከቀሚሷ በላይ ያገለደመችውን ሽርጥ ፈታች። እሑድ ዕለት ጥጃውን ከጉድጓዱ አውጥታ የታቀፈችው በዚህ ሽርጥ ነው። ልታጥበው አልሆነላትም ነበር። ተንበረከከችና የግልገሉን ጀርባ፣ አንገት፣ ጭራ በሱ አሸችው። ከዚያ ሽርጡን አለበሰችው።

ቡሬ እንደገና አሸተተች። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ከሆዷ የሚወጣ ቀጭን ድምፅ አሰማችና ምላሷን አወጣች። ላሰችው። ባይሳ ግልገሉን ከሥር ደግፎ ወደ ጡቷ አስጠጋው። መጀመሪያ ጠብታ አፉ ላይ ወረደ፤ ቀጥሎ ግልገሉ ያዘ። ያቺ አጭር ጭራው መወዛወዝ ስትጀምር ባይሳ ፊቱን አዞረ፤ እያለቀሰ ነበር።

ወይዘሮ ተረፈች መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሄ የማን ሐሳብ ነው?"

"የባለሙያዎቻችን" አለ አቶ ተሾመ ሳያፍር።

ሴትዮዋ ወደ ዱርሲቱ ዞሩ። "ለላሟ በምን ተስማማችሁ?"

"እሱን ገና አልተነጋገርንም" አለች። እውነቱን ለመናገር ትዝም አላላትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቡሬን እዚያው ትታ ባዶ ጄሪካኗን ይዛ ቤቷ ገባች። ወዲያው ባይሳ ደወለ፤ እየጮኸ ነው። "ገንዘቡን ለቀቁት! ለአጥሩም፣ ለሕክምና ክፍሉም! የሚሰናበት ሰው የለም! ግልገሉም ለሁለተኛ ጊዜ ጠባ! ስለ ወተቱ ክፍያ ይታሰብበታል ብለዋል።" ዱርሲቱ "ይታሰብበታል" የሚባለውን ነገር ከቀበሌ ጀምሮ ታውቀዋለች። ነገ ራሷ ሄዳ ታሳስባቸዋለች።

ስልኩን ስትዘጋ ጎረቤቷ ሃዋ እንደ ወትሮው የወተት ዕቃዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"ዛሬ ወተት የለም፣ ሃዋ።"

"ምነው? ቡሬ አመማት?"

"ኧረ ደህና ናት። ጥጃዋ እየጠባ ነው።"

ሃዋ ግራ ተጋባች። "ዱርሲቱ፣ ጥጃዋ... እሑድ ሞቶ የለም እንዴ?"

"ሞቷል" አለች ዱርሲቱ። ከእሑድ ጀምሮ ይዛው የቆየችው እንባ አሁን ወረደ፤ እየሳቀችም ነበር። "ነገ ነይ፣ ወስጄ አሳይሻለሁ። ጆሮው ትልቅ ነው።"