161 ሲካፈል ለ8

1.

20፣ ቀሪ 1።

2.

ስምንት፦ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉ ወንበሮች።
ሃያ፦ አዳራሹ የሚይዘው ጠረጴዛ።
መቶ ስልሳ አንድ፦ ማህደር ለሰርጓ የጠራቻቸው ሰዎች። አዳራሹ አንድም ወንበር አልጨምርም ብሏል።
አንድ፦ ቁጥር 3ን ተመልከት።

3.

"እትዬ ብርቄ ትቅር" አለች ማህደር፣ ጥፍሯን እየተቀባች።

"ያሳደገችን አክስታችን?" አለ ወንድሟ ናሆም።

"ሳቋ ሦስተኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ከአማቴ ጎን ላስቀምጣት? አንተ ንገራት። አንተን ትወዳለች።"

4.

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን በስልክ ነግረህ ትገላገል ነበር። ናሆም ግን በስልክም ያፍራል።

5.

እትዬ ብርቄ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የጎልማሶች ትምህርት ገብታለች። ማካፈል ላይ ደርሰዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤት ሥራዋን የሚያርምላት ናሆም ነው።

6.

እሷ፦ ሃያ ዘጠኝ ሲካፈል ለስድስት፣ አራት ደርሶ አምስት ይቀራል።

እሱ፦ ልክ ነሽ።

እሷ፦ ከበድ ያለ ስጠኝ እንጂ ናሆሜ! ምን እንደ ሕፃን ታባብለኛለህ?

እሱ፦ (እየጻፈ) አንዲት ሙሽራ 161 ሰዎች ጠራች። በአንድ ጠረጴዛ 8 ሰው ይቀመጣል። ስንት ጠረጴዛ ይሞላል? ስንት ሰው ይተርፋል?

እሷ፦ ውይ! የኛኑ ሰርግ አመጣህልኝ!

7.

የእርሳሱን ጫፍ በምላሷ አረጠበች። አስራ ስድስት ለስምንት፣ ሁለት። አንዱን አወረደች። ዜሮ ጻፈች። በጣቷ እንኳ አልቆጠረችም።

ልክ።

8.

"አንድ ሰው ተረፈ!" ብላ ሳቀች። "ምስኪን! ለአንድ ሰው ብለው ጠጋ ጠጋ አይሉም?"

"አይቻልም" አለ ናሆም፣ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ።

"ጥያቄው የት ላይ ይላል?"

ከጥያቄው ሥር ጻፈላት፦ ወንበር መጨመር አይቻልም።

9.

(ለሰርጉ ያሰፋችው ቀሚስ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ናሆም እዚያ እንዳያይ ነው ደብተሩን የሚያየው።)

10.

እትዬ ብርቄ ጥያቄውን ደግማ አነበበች፤ በቀስታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ቀና ብላ አየችው። ጆሮው ቀልቷል።

ደብተሩን ወደ እሱ አዞረች፤ እርሳሱን ከላዩ አስቀመጠች።

"ስንት እንደሚተርፍ አውጥቻለሁ" አለች። "ማን እንደሚተርፍ ግን በሂሳብ አይወጣም። አንተ ጻፈው። ማንበብ እችላለሁ።"

11.

ስም፦