ካለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ከእናቷ ጋር የምትኖርባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከትልቁ የድንጋይ ግንብ ሥር ተለጥፋ የተሠራች ናት። ግንቡ ከላይ ያለውን የመኪና ማቆሚያ አፈር ደግፎ የያዘ ነው፤ አሁን አሁን ግን መደገፉ ሰልችቶት ወደ ቤቷ ማዘንበል ጀምሯል። ከቤቱ ጀርባ፣ በቤቷና በግንቡ መካከል፣ ድሮ የልብስ መዘፍዘፊያ በርሜል እየተንከባለለ ያልፍ ነበር። በኋላ በርሜሉ ቀረና ባልዲ ይዛ ማለፍ ጀመረች። አሁን ባዶ እጇን፣ ያውም ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ በጎኗ ነው የምታልፈው።

ይህን ለሕንጻ ክትትል ክፍል ኃላፊ ስትነግረው ከላይ እስከ ታች አያትና፣ "እትዬ፣ አንቺስ አልወፈርሽም?" አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውየው ጥርሷ ውስጥ ገባ።

በፊት ለፊቱ ግቢ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን፣ ዓመት ሙሉ ተቆልፎ የሚውል ባዶ ክፍል አለ። የእናቷ እግር አይታዘዝላቸውም፤ ግንቡ ቢመጣ ሮጠው አያመልጡም። ስለዚህ የፈለገችው የዚያን ክፍል ቁልፍ ብቻ ነበር። ቁልፉ ግን የሚሰጠው በግንቡ ላይ "ትርጉም ያለው ለውጥ" መኖሩ በመሣሪያ ሲረጋገጥ ነው ተባለች።

መሣሪያው መጣ። በሦስት እግር ቆሞ፣ ጭንቅላቱን እያዞረ ጨረር የሚረጭ ነገር ነው። ጨረሩ ያረፈበትን ሁሉ ነጥብ በነጥብ እየመዘገበ ግንቡን ኮምፒውተር ውስጥ ያቆመዋል። በወሩ እንደገና ይመዘግባል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ የተነቃነቀው ቦታ ቀይ፣ ባለበት ያለው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያስረዳት መሣሪያውን ይዞ የመጣው ባለሙያ ነው። ሰውየው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ አጣቢዎቹ ከመሣሪያው ጋር አንድ አድርገው "ሦስት እግር" ይሉታል። ሸክሙ ሲከብደው መሣሪያውን ከነሳጥኑ እነሱ ቤት፣ እናትየው አልጋ አጠገብ ማሳደር ጀመረ።

በሁለተኛው ወር ሥዕሉ ላይ አንድ ቦታ ደም መሰለ። ሦስት እግር ጠጋ ብሎ ሲያየው እናቷ ነበሩ። በመጀመሪያው ወር ቤት ውስጥ ተኝተው ነበር፤ በሁለተኛው ግን ደጅ ወንበር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ መሣሪያው ይዟቸዋል። ሪፖርቱም "የታየው ጉልህ ለውጥ አንዲት አሮጊትና ገመድ ላይ የተሰጡ አራት አንሶላዎች ናቸው፤ ግንቡን አይመለከትም" አለ። እናትየው ሲነበብላቸው ደስ አላቸው። በዚህ ዕድሜ ጉልህ የሚላቸው ሰው አግኝተው አያውቁም።

ወዲያው አንሶላ እንዳይሰጣ፣ አሮጊቷም በልኬት ቀን ደጅ እንዳይወጡ በደብዳቤ ታዘዘ። ለግንቡ የተጻፈ ደብዳቤ የለም።

ሦስተኛው ወር አለፈ፤ አራተኛው፣ አምስተኛው። መልሱ ያው ነው። መሣሪያው ራሱ ሊሳሳት ስለሚችል ከሦስት ሳንቲሜትር በታች ያለው እንደ ለውጥ አይቆጠርም፤ ግንቡ ደግሞ ካለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር የሄደው ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ አልሄደም።

በስምንተኛው ወር ሦስት እግር ይህንኑ ሲያነብላት እስከ መጨረሻው አልጠበቀችም። ኮምፒውተሩን አስይዛ ኃላፊው ቢሮ ይዛው ገባች።

"የመጀመሪያው ወር የት አለ?" አለች።

ኃላፊው መመሪያው የሚያዘው ካለፈው ወር ጋር እንዲነጻጸር መሆኑን ነገራት።

"ጌታዬ፣ ልጅ አለዎት?"

"አለኝ።"

"ከትናንትናው ጋር ሲያስተያዩት አድጎ ያውቃል? ሱሪው ግን ያጥራል።"

ሦስት እግር ማንንም ሳያስፈቅድ የመጀመሪያውን ወር አወጣና ከስምንተኛው ጋር ደረበው። ግንቡ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ። አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል።

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ሥዕሉን አየ፤ እንደገና ጠረገ። ከዚያ ፊቱ በራ። ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር መስመር የለም፤ ስለዚህ የቆየውን ትቶ የዛሬውን እንደ አዲስ መነሻ መያዝ ነው፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ብሎ ሦስት እግርን መሣሪያውን አሁኑኑ ከግንቡ ሥር እንዲተክል አዘዘው።

"እኔ ከዚያ ሥር አልቆምም" አለ ሦስት እግር። "ይኼ ከላዬ ቢወርድ መሣሪያውም አይተርፍም።"

ኃላፊው ይሄኔ ደነገጠ። መሣሪያውን ፈርሞ የተረከበው እሱ ነው።

"አሁን የት ነው ያለው?"

"እናቴ አልጋ አጠገብ" አለች።

ሰውየው ወረቀት ሳበ። ስምንት ወር ያልተንቀሳቀሰ እጅ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሄደ። ቦታው ለመሣሪያው እጅግ አደገኛ ሆኖ ስለተገኘ፣ መሣሪያውና አብሮት ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ተነሥቶ ከግምጃ ቤቱ ጎን ወዳለው ባዶ ክፍል እንዲገባ። ሳጥን አንድ፣ ባትሪ ሁለት፣ ማቆሚያ አንድ።

ልብስ አጣቢዋ ከጠረጴዛው ፊት ንቅንቅ አላለችም።

"ጠባቂዋስ?"

"የምን ጠባቂ?"

"ስምንት ወር ማን የጠበቀው መሰለዎት? ራሱን?"

ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ በመስኮቱ ወደ ግንቡ አየ። ከዚያ ጻፈ፦ ጠባቂ ከነአልጋዋ፣ አንድ። ብዕሩን ሊያነሣ ሲል ጉሮሮዋን ጠረገች። የጠባቂዋ ልጅ፣ አንድ።

ከቀትር በፊት ሁሉም ተጋዘ። እናትየው ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው በበሽተኛ ጋሪ እየተገፉ መጡ። ግምጃ ቤት ጠባቂው በሩን ከፍቶ፣ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ ቆጠረ። ባትሪ ሁለት፣ ልክ። ጠባቂ አንድ፣ ልክ። ከሥር "ሁሉንም በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ" ብሎ ጻፈና ሊፈርም ብዕሩን አስተካከለ።

"ልጄ" አሉት እናትየው፣ "ጉልበቴን ሳታይ ነው የምትፈርመው?"