የፈላ ውሃ ካሎሪ

የአረጋውያን ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ "ካሎሪ" የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ያወጡለት እዚያው የሚኖሩት ሽማግሌዎች ናቸው። አንድ ሥልጠና ተካፍሎ ከተመለሰ ወዲህ ይሄ ቃል ከአፉ አይጠፋም።

ያሳደገችኝ አክስቴ እዚያ ከገባች ጀምሮ በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ በየሳምንቱም ከስታ ትጠብቀኛለች። ባለፈው እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ደረስኩ። የቀረበላትን ሾርባ በማንኪያ አማሰልኩት። ላዩ የትናንት ቅባት፣ ሥሩ ውሃ፤ ሽታው የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ሽታ። ደግሞ ይፋጃል፤ እንፋሎቱ ፊቴን ለበለበኝ።

ሥራ አስኪያጁ በአልጋዎቹ መሀል ይንጎራደዳል።

"ይሄ ምግብ ነው?" አልኩት።

"መምህርት፣ እርስዎ እንኳ ይገባዎታል ብዬ ነበር፤ ፊዚክስ አይደል የሚያስተምሩት? ካሎሪ በላቲን ሙቀት ማለት ነው። ስለዚህ በደንብ አፍልተን ነው የምናቀርበው። ቢቀጥንም ካሎሪው አለ።"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ይባስ ብሎ በኩራት ፈገግ ብሏል፤ ቅፍፍ አለኝ።

እንደምንም ችዬ ለተማሪ እንደማስረዳው አስረዳሁት። "ቃሉስ ልክ ነው፣ ከሙቀት ነው የመጣው። አንድ ካሎሪ ማለት አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ የሚያሞቅ የሙቀት መጠን ነው። የምግብ ካሎሪ ግን እህሉ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሰጠው ጉልበት እንጂ የምድጃው እሳት አይደለም። ምድጃው የሰጠው ሳህኑ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይሄዳል።"

"ታዲያ ሳይቀዘቅዝ መጠጣት ነዋ" አለኝ።

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

አክስቴ እጄን ሳብ አደረገችው። "ተይ ልጄ፣ አትጣዪው። አንቺ ትሄጃለሽ፣ አብሬው የምቀረው እኔ ነኝ።" ስትናገር ምላሷን አየሁት፤ ጫፉ ተቃጥሎ ተልጧል። "ቶሎ ጠጡ ስለሚሉን ነው" አለች፣ ጥፋቱ የሷ ይመስል እያፈረች።

ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ መጀመሪያም እዚህ ያስገባኋት ሥራ ስሄድ አጠገቧ የሚውል ሰው ስላጣሁ ነበር። እሱን በኋላ አስብበታለሁ ብዬ ይዣት ልሄድ ሹራቧን አለበስኳት። የሚያግዘኝ ሰው ልጠራ አስቤ መጀመሪያ ብቻዬን ላነሳት ብሞክር በአንድ ክንዴ ብድግ አለችልኝ። ጀርባዋ ላይ ያሳደገችኝ ሴት አንድ ክንዴን አልሞላችም።

"ካሎሪ" ሳህኑን ይዞ እስከ በር ተከተለን።

"ኧረ ሾርባዋን ትጨርስ" ይላል፤ "ገና ትኩስ ነው።"