ለአማች የሚሆን መግቢያ መጽሐፍ

መሐንዲስ ሉጥፊ ባስሊ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አያውቅም። አውራ ጣቱን ምላሱን ያስነካና መሐሉን ይከፍታል፤ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አድርጎ የኬልቄዶንን ጉባኤ ያገኛል። አባቶች ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ተከራክረው ለሁለት የተከፈሉበት፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ ወርዶ የተጋዘበት ጉባኤ ነው። ጸሐፊው ለዲዮስቆሮስ ካደላ መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ካላደላ መጥፎ ነው። ስለ ሐዋርያትና ስለ ሰማዕታት የተጻፈውን ሁሉ ሉጥፊ አይነካውም። ዕድሜውን ድልድይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነውና፣ ሸክሙ የሚያርፍበትን ምሰሶ ካየሁ ሌላው ጌጥ ነው ይላል።

ያን ቀን ካይሮ ፈጋላ፣ መጽሐፍ ሻጮቹ ሰፈር፣ ሺንዲ ሱቅ ቆሞ ይኼንኑ ያደርግ ነበር።

«የክርስትና ታሪክ ነው የምፈልገው። ለጀማሪ የሚሆን፣ ቀለል ያለ» አለ።

ሺንዲ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረደለት። ሉጥፊ ከፈተው፤ መልሶ ዘጋው።

«ይኼ ለሁለቱም ወገን ነው የሚፈርደው።»

«አያዳላም ማለት ነዋ፣ መሐንዲስ።»

«ማን አታዳላ አለው? እውነት ያለችው አንድ ቦታ፤ እሱ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ይወዛወዛል!»

ሁለተኛው ወረደ። ይኼኛው ጉባኤውን በሁለት መስመር አልፎት ወደ መነኮሳት ሕይወት ገብቷል። ሉጥፊ ገጹን ቢያገላብጥ፣ ቢያገላብጥ ሌላ አላገኘም።

«ይሄ ሰውዬ ምን ደብቆ ነው?» አለና ዘጋው።

ሺንዲ መሰላሉ ላይ እንዳለ ትዕግሥቱ አለቀ። «ለመሆኑ ጀማሪው ማን ነው?»

«አማቼ።»

«ክርስቲያን አይደለም እንዴ?»

«ካቶሊክ ነው።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚጀምረው?»

«ሁሉንም!» አለ ሉጥፊ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉጥፊና ሚስቱ ኢንሳፍ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ኢሪኒ ትባላለች፣ ፋርማሲስት ናት። ሠላሳውን ካለፈች በኋላ የሰው ሠርግ መሄድ ትተው ነበር፤ «የእናንተስ መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ አንጀታቸውን ሲቆርጠው። ሉጥፊ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሹብራ ያለው ቤታቸው ኮሪደር ይረዝምበታል። በዚያ ኮሪደር ሕፃን እየጮኸ ሲሮጥ መስማት ነበር ምኞቱ፤ ሌላ ምኞት አልነበረውም። ታዲያ አንድ ቀን ኢሪኒ ሮላንን ይዛ መጣች። ሮላን የጆሮ ሐኪም ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ኢንሳፍ የጠቀለለችውን የወይን ቅጠል ድስቱ ባዶ እስኪሆን የሚበላ። ኢንሳፍ በዚያው ቀን ወደደችው። ሉጥፊም ወዶት ነበር፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደሆነ እስኪጠይቅ ድረስ።

የሮላን ቅድመ አያት ከሶርያ የመጡ የግሪክ ካቶሊክ ናቸው። ቤተሰቡ ሄሊዮፖሊስ ላይ ትውልድ አልፎ ትውልድ ቢተካም፣ ሹብራ ውስጥ አሁንም «ኸዋጋ» ነው የሚባለው፤ ትናንት ከመርከብ እንደወረደ ፈረንጅ። ሉጥፊ ሠርጉ በኛ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል፣ ለዚያም ልጁ እንደገና ይጠመቃል አለ። የሮላን አባት አንጧን ደግሞ «ልጄ አንዴ ተጠምቋል። ሸሚዝ ነው እንዴ ተመልሶ የሚታጠበው?» ሲል ላከበት። ሉጥፊ ደሙ ፈልቶ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ሩወይስ ሄደ። አባ ሩወይስም ጢማቸውን እያሻሹ «በግድ የሚጠመቅ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ይወቅ። አንዲት ትንሽ መግቢያ መጽሐፍ ስጠው» አሉት።

ይችን ትንሽ መግቢያ ነው እንግዲህ ሉጥፊ ከሱቅ ሱቅ የሚያሳድደው። በመጨረሻ አንድ መነኩሴ የጻፈው አረንጓዴ መጽሐፍ አገኘ። ከመጽሐፉ ግማሹ ኬልቄዶን ነው፤ የዲዮስቆሮስ ጥርስ መውለቁ፣ ጢሙ መነጨቱ አንድም ሳይቀር ተጽፏል። ሉጥፊ እያነበበ አለቀሰ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ አሰመረበት፤ ዋናው ገጽ ዳር ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «ይህን ገጽ ያልተቀበለ ቤቴን አይረግጥም» ብሎ ጻፈ።

ኢሪኒ መጽሐፉን ለሮላን ስትወስድለት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

«አባዬ፣ ኬልቄዶን ምንድን ነው? ሰፈር ነው ምግብ?»

«ሳቂ፣ ሳቂ» አለ ሉጥፊ። «አያትሽ ይኼን ሳታውቅ ጡት አልጣለችም።»

በሳምንቱ አንጧን ራሱ መጣ። ባዶ እጁን የሚመጣ እንግዳ የለምና፣ የኬክ ካርቶን ይዞ መጣ፤ ካርቶኑ ላይ በዚያው ሪባን የታሰረ ሰማያዊ መጽሐፍ ነበር። ወቅቱ የገና ጾም ነው። ኢንሳፍ ካርቶኑን ከፍታ አሸተተችና ባሏን ኩሽና ጠራችው።

«አየህልኝ? በጾማችን ቅቤ፣ በልጃችን ላይ መጽሐፍ!»

ካርቶኑ እስከ በዓል ድረስ ማቀዝቀዣ ገባ። ሰማያዊው መጽሐፍ ግን የፍስክ ምግብ አይደለምና ሉጥፊ እዚያው ሳሎን ከፈተው፤ አውራ ጣቱን ምላሱን አስነክቶ፣ መሐሉን።

«‹ግትሩ ፓትርያርክ›?» ብሎ ጮኸ። «ግትር ይለዋል! ኸዋጋ፣ እኔ ቤት ተቀምጠህ?»

«ምን ላድርገው? እኔ አልጻፍኩት» አለ አንጧን እግሩን እያጣጠፈ። «ደግሞስ ያንተው መነኩሴ የሮሙን ሊቀ ጳጳስ ልዮንን ምን አለው? ‹ተኩላ›። ግትር ከተኩላ አይሻልም?»

«ተኩላ ስለሆነ ነዋ!»

«ይኸው! ግትርነት ከየት እንደሚወረስ አሁን ገባኝ።»

ኢንሳፍ ጥፊ ሳይመጣ አይቀርም ብላ የብርጭቆዎቹን ትሪ አነሣች። ጥፊ ግን አልመጣም። አንጧን ሲሄድ ሉጥፊ እስከ ደረጃው ሸኘው፤ ደረጃው ላይ ደግሞ ስለ መጀመሪያው የኤፌሶን ጉባኤ ቆመው ተከራከሩ፤ በሩ ላይ ስለ ሁለተኛው። «ነገ የሚመልስልህን መጽሐፍ እልክልሃለሁ» አለው ሉጥፊ።

ላከለት። አንጧንም ላከለት። መግቢያው መግቢያ እየወለደ የሁለቱንም ቤት ወንበሮች ሞላ። አንዱ ያሰመረበትን ሌላው በእርሳስ ይሰርዘዋል፤ የሰረዘበትንም ያኛው በቀይ ይመልሰዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ሉጥፊ ከጡረታ ወዲህ ከልቡ የሚጣላው ሰው አጥቶ ነበር። ኢንሳፍ ከመጣላት ይልቅ ዝም ማለት ታበዛለች፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ በሐሳቡ ይስማማሉ። አንጧን ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻውን ከሬዲዮ ጋር የሚበላ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ስልክ መደዋወል ጀመሩ። «ተነሣህ ተኩላ?» ይላል ሉጥፊ። «ተነሥቻለሁ ግትር» ይላል አንጧን። ከዚያ ፈጋላ አብረው ይወርዳሉ፤ ሺንዲም ሁለቱን ከሩቅ ሲያይ የሱቁን መዝጊያ ገርበብ ያደርጋል።

ልጆቹንም አልረሷቸውም። «የምትጋቡት እናንተ ናችሁ፤ አንብባችሁ ወስኑ» እያሉ፣ አባቶቹ የጨረሱትን መጽሐፍ ሁሉ ያሸክሟቸዋል። ሁለቱ ልጆች ታዛዦች ነበሩ። በዚህ ላይ አንዷ ፋርማሲስት፣ አንዱ ሐኪም፤ የታዘዘ ነገር እስከ መጨረሻው መወሰድ እንዳለበት ያምናሉ።

ከገና በኋላ አንድ ረፋድ ሁለቱ አባቶች ፉል ቤት ተቀምጠው ሳለ ሉጥፊ ዳቦውን አስቀመጠ።

«አንጧን፣ ስማኝ። በናንተ ቤተ ክርስቲያን ይጋቡ።»

«ምን አልክ?»

«ሰማኸኝ። ከአባ ሩወይስ ጋር የሚያጣላኝን እኔ እችለዋለሁ። ልጁ ደግ ልጅ ነው። ሚስቴ ከኔ ይልቅ እሱን ነው የምታበላው።»

አንጧን ዐይኑ እንባ አቀረረ። ግን አንጧን ነውና ወዲያው ተቆጣ። «በፍጹም! ልጄ ይጠመቃል! ውሃ ነው፣ አያሰጥመው!»

«አይጠመቅም አልኩህ!»

«ይጠመቃል! አንተ ማነህና ነው የኔን ልጅ የማታስጠምቀው?»

ፉል ሻጩ መጥቶ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ አላቸው። ተቃቅፈው ወጡ። ማን ይሸነፍ የሚለውን ለሌላ ቀን አሳደሩት። ሉጥፊ ሹብራ እስኪደርስ ብቻውን ይስቅ ነበር፤ ኮሪደሩ ውስጥ የሚሮጠው ሕፃን ሁለት ሆኖ ታየው።

ቤት ሲገባ ኢሪኒ ጠረጴዛው ላይ የእጮኝነት ወርቋን በሣጥኑ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ኢንሳፍ በሻሽዋ ጫፍ ዐይኗን ትጠርጋለች።

«ሮላን ሊወስደው ይመጣል» አለች ኢሪኒ። «አልቋል፣ አባዬ።»

«ምን ሆናችሁ? ሰደበሽ? ሌላ ሴት አለችው?»

«ሌላ ሴት ብትኖረው ይሻል ነበር። ‹ዲዮስቆሮስ ኤፌሶን ላይ ሰው ባያስደበድብ ኖሮ ኬልቄዶን ባልተጠራ› አለኝ። ዓሣ እየበላን! አፉን ሞልቶ!»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«‹ኬልቄዶን ላይ የተነበበውን የልዮንን ደብዳቤ መጀመሪያ አንብበህ ተናገር፣ ክርስቶስን ለሁለት ሰንጥቆ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ታያለህ› አልኩት።»

«ጎሽ!» አለ ሉጥፊ።

አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ኢንሳፍ እንዲያ አድርጋ ባሏን አይታው አታውቅም። ሉጥፊ ወንበር ስቦ ልጁ አጠገብ ተቀመጠ።

«የኔ ልጅ፣ አሁን እኮ ከአባቱ ጋር ጨርሰን መጣሁ። የፈለጋችሁበት ትጋባላችሁ። ይሄ እኮ ... ከሺህ ዓመት በላይ የሆነ ነገር ነው። ላንቺ ምንሽ ነው?»

ኢሪኒ ተነሥታ ሮላን የመለሰላትን አረንጓዴ መጽሐፍ አመጣችና ዋናውን ገጽ ገልጣ ፊቱ አስቀመጠችለት። «ይህን ገጽ ያልተቀበለ ቤቴን አይረግጥም።»

«እኔ ተቀበልኩት» አለች። «እሱ አልተቀበለም። አንተ ነህ የጻፍከው፣ አባዬ። ከልብህ አልነበረም እንዴ?»

ሉጥፊ የራሱን ፊደል ሲያየው አፈረ። ከልቡ ነበር። ሲጽፈው ከልቡ ነበር፤ አሁን ደግሞ ያ ልጅ ድስቱን ይዞ ኩሽና ቆሞ ሲበላ ማየት ናፈቀው። ሁለቱም አንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ ማስረዳት አቃተው።

በማግስቱ አንጧን ደወለ። «ተነሣህ ግትር?» አላለም። «የኔውም እንዲሁ ነው» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ያነባል። የኔን እርሳስ ሁሉ በቀለም ደገመበት። ምን እናድርግ?»

ፈጋላ ወረዱ። ሺንዲ መዝጊያውን ሊገፋ ሲል ሉጥፊ እግሩን አስገባ።

«የክርስትና ታሪክ» አለው። «ለጀማሪ። ያ ጉባኤ የሌለበት።»

«የሌለበት?»

«በጭራሽ የማያነሣው። ሁለት መስመርም አይሁን።»

ሺንዲ ወደ ሱቁ ጓዳ ገብቶ ቆየና በሥዕል የተሞላ ቀጭን የሕፃናት መጽሐፍ ይዞ ወጣ። የልደት ሥዕል አለ፤ እመቤታችን ሕፃኑን አቅፋ በአህያ ዓባይ ዳር ስታልፍ አለ፤ ጥቂት ሰማዕታት፣ ጥቂት ገዳም፣ ከዚያ ሻማ የያዙ ሰዎች። ሉጥፊና አንጧን የአህያዋን ሥዕል አብረው አዩት። አህያዋ የማን ወገን እንደሆነች የሚናገር ነገር የለም። «ይኼ ነው» አለ አንጧን፤ «ከመጀመሪያውም ይኼ ነበር።»

ሹብራ ሲደርሱ አንጧን መልሱን ሊጠብቅ የኬክ ካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ ታክሲው ውስጥ ቀረ፤ ሉጥፊ ደረጃውን ወጣ። ኢሪኒ ከሥራ ገብታ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። መጽሐፉን ዘረጋላት።

«ከዚህ እንደገና ጀምሩ» አላት። «ሁለታችሁም። አባትሽ እየለመነሽ ነው።»

ኢሪኒ የሽፋኑን ሥዕል አይታ ፈገግ አለች፤ ሉጥፊም ያቺን ፈገግታ ሲያይ ተስፋ አደረገ። ከዚያ አውራ ጣቷን ምላሷን አስነካችና መሐሉን ከፈተችው። ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ገዳሙን አልፋ ሻማው ጋ ደረሰች፤ ተመልሳ ሰማዕታቱ ጋ ሄደች።

«ይሄ ሰውዬ ምን ደብቆ ነው?» አለችና ዘጋችው።

ሉጥፊ መጽሐፉን ከእጇ ተቀብሎ በረዥሙ ኮሪደር ወደ በሩ ሄደ። ታች ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ።