የመርዳሳ አልጫ

«ጨጓራው ነው አይደል የገደለው?» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ፣ ገና የለቅሶው ድንኳን አግዳሚ ላይ በወጉ ሳይቀመጡ።

ኦብሴ አንገቷን ደፋች። አባቷ መርዳሳ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አጎቷ ጃራ አስጠንቅቋታል፤ «ለጠየቀሽ ሁሉ ጨጓራው ፈንድቶ ነው በይ። ራሱን አጠፋ ተብሎ የወንድሜ ስም በአዳማ አይነሳም!» ይኸው ጥርሱን ነክሶ ለቅሶ ደራሽ ያስተናግዳል።

ሰውም ያምናል! የመርዳሳን ጨጓራ የማያውቅ ማን አለ? ከቡልቡላ ቲማቲም የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር፤ ጓደኞቹ ቀይ ወጥ ሲያዙ እሱ አልጫ። «አንተ ሰውዬ፣ አራስ ነህ እንዴ?» ሲሉት አብሯቸው ይስቃል። ኦብሴም ልጅ ሆና በርበሬ የነካው ጉርሻ ስትዘረጋለት እጇን ይስማትና «ጨጓራዬ፣ የኔ እናት» ይላታል።

ዛሬ ጠዋት ግን ጎረቤታቸው ፋኢዛ ጓዳ ጠራቻት። ፋኢዛ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው።

«ኦብሴ፣ አባትሽ ጨጓራ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ከእኔ የሚወስደው የድባቴ መድኃኒት ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ። ‹አእምሮው ታሟል ከተባለ ማን መኪና ይሰጠኛል? ልጄስ ትሳቀቅ?› ብሎ በጨጓራ አሳበበ። በርበሬውንም ለዚያ ነው የተወው።»

«አሥራ አምስት ዓመት?»

«አንድ ወር ቀርቶ አያውቅም። መጀመሪያ ‹ኦብሴ አሥረኛን ትለፍልኝ› ይል ነበር። ከዚያ ‹ትመረቅልኝ›፤ ከዚያ ‹ሥራ ትያዝልኝ›። ኋላ ሕመሙ በረታበት እንጂ እሱስ ታግሏል፣ ልጄ።»

ሦስት ቀን ሙሉ «እኔ አልበቃሁትም ማለት ነው?» እያለች ራሷን ስትጠይቅ ነበር። ለካ በየወሩ ለእሷ ሲል ይቆይ ነበር! አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ከሐዘኑ ጋር ምስጋና ልቧን ሞላው።

አሁን ወይዘሮ ዲንቄ መልስ እየጠበቁ ነው። አጎቷም የውሃ ጆግ እንደያዘ ዓይኑን ተክሎባታል።

«ጨጓራ አይደለም፣ እትዬ ዲንቄ» አለች ኦብሴ። «አባዬ የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ራሱን ነው ያጠፋው።»

ካርታ ይጫወቱ የነበሩት እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ግን አሥራ አምስት ዓመት ከሕመሙ ጋር ታግሎ አሳድጎኛል። እንዲህ ያለ ውለታ እንዴት በውሸት ልቅበረው? አመሰግነዋለሁ፣ እትዬ። አባዬን አመሰግነዋለሁ።»

ወይዘሮ ዲንቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ያን ሁሉ ብቻህን ተሸከምከው፣ መርዳሳዬ?» አሉ እንባቸው እየወረደ። «እግዜር ነፍስህን ይማር።»

ኦብሴ የአጎቷን ቁጣ ጠበቀች። ጃራ ግን «ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ኦቦሌሳ ኮ!» ብሎ ድንኳኑን አናጋው።

ኦብሴ ተነሥታ ወደ አጎቷ ሄደች። ጆጉን ከእጁ ተቀብላ መሬት አኖረች፤ ክንዱን ይዛም ወደ ሐዘንተኞቹ ፍራሽ ወሰደችውና ከጎኗ አስቀመጠችው።